ሳይቃጠል በቅጠል፦ በውጭ መኪና ለሚጠግን ሰው የሚሆን ማሞቂያ እንዴት ይመረጣል?

በዚህ እትም የምንነጋገረው ስለ ማሞቂያ ነው። የቤቱን ብቻ ማለታችን አይደለም። በተለይ በብርድ ጊዜ በመኪና ማቆሚያው ላይ ኮፈኑን ከፍተው ለሚሠሩ ወገኖቻችን ምን ዓይነት ማሞቂያ እንደሚሻል፣ የትኛውስ ጨርሶ መቅረብ እንደሌለበት እንገልጻለን።

ከእኛ መካከል በአገር ቤት ሾፌር የነበረ፣ ጋራዥ ውስጥ ያደገ፣ ቁልፍና ካቻቢቴ እንደ ማንኪያ የለመደ ሰው ብዙ ነው። እዚህም አሮጌ መኪና በትንሽ ገንዘብ ይገዛና ራሱ ሊያበጃት ይሞክራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሙሳኽ መውሰድ ገንዘብ ይጠይቃል፣ መኪናዋ ደግሞ ካልተነሳች የማታ ፈረቃ መድረስ የለም። ስለዚህ ከኡልፓን በኋላ፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ሥራው ይጀመራል። ጣት ይደነዝዛል፣ ዳዶው ከእጅ ያመልጣል። በዚህ ጊዜ «እስቲ ትንሽ እሳት አምጡ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አደጋውም የሚመጣው አብሮ ነው።

የዚህ አገር ብርድ በምን ይለያል?

በአገራችን ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ግን ደረቅ ብርድ ነው፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጥታ ታሞቃለች። በእስራኤል ግን ዝናቡና ብርዱ አንድ ላይ ነው የሚመጡት። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ነፋሱ ከባሕር ሲነሳ፣ መሬቱም ሲረጥብ ሁሉም በአንድ ቀን ነው።

ነስ ጺዮና ያለችው በባሕሩ ሜዳ ላይ ስለሆነ ብርዷ እንደ ኢየሩሳሌም አይከብድም። በጥር ወር ሌሊቱ ብዙ ጊዜ ወደ 8 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፣ ቀኑ ወደ 18 ይደርሳል። ዳባትና ደባርቅ ላደገ ሰው ይህ ብርድ አይባልም። ይሁን እንጂ አንዳንድ ዓመት ይከብዳል። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የገቡት ወገኖቻችን የመጀመሪያ ክረምታቸው የ1991-92ቱ ክረምት ነበር። ያ ክረምት በጣም ዝናባማ ነበር፤ በኢየሩሳሌምም በረዶ ጥሏል።

ከዚህ የምንወስደው ቁም ነገር አንድ ነው። እዚህ የሚያስፈልገን ኃይለኛ እሳት አይደለም። የሚያስፈልገን እርጥበትን የሚችል፣ እጅንና ደረትን ትንሽ የሚያሞቅ፣ ሰው የማይገድል ማሞቂያ ነው።

ስም አንድ፣ ነገሩ ሌላ

ስለ ዓይነቱ ከመናገራችን በፊት የቋንቋ ነገር እናስቀድም፤ ምክንያቱም የቃል ስህተት እዚህ ላይ ቤት ያቃጥላል።

አንደኛ፣ በዕብራይስጥ «ኔፍት» የሚባለው እኛ ነጭ ጋዝ ወይም ላምባ የምንለው ነው። ለጆሯችን «ናፍጣ» ይመስላል፤ ግን አይደለም። የእኛ ናፍጣ፣ ማለትም የከባድ መኪናው ነዳጅ፣ በዕብራይስጥ «ሶለር» ይባላል። ስለዚህ «ኔፍት» ተብሎ የተጻፈበት ማሞቂያ ውስጥ ናፍጣ ነው ብሎ ሶለር የሚጨምር ሰው ጥቀርሻና ጢስ ያተርፋል።

ሁለተኛ፣ እኛ በአገር ቤት «ጋዝ» ስንል ብዙ ጊዜ የፋኖሱን ላምባ ማለታችን ነው። እዚህ ግን «ጋዝ» ማለት በብረት ጠርሙስ የሚመጣው፣ ለምግብ ማብሰያ የምንጠቀምበት ነው። ጠርሙሱ «ባሎን» ይባላል። «ታኑር ጋዝ» የሚባል ዕቃ ሲሸጥላችሁ ላምባ የሚጨመርበት አይደለም።

ሦስተኛ፣ «ቤንዚን» በሁለቱም ቋንቋ ቤንዚን ነው። በየትኛውም ማሞቂያ ውስጥ አይጨመርም፤ ጠብታም ቢሆን። በላምባ ጀሪካን ውስጥ ቤንዚን ቀርቶበት ከሆነ ያ ጀሪካን ለማሞቂያ አይሆንም።

አራተኛ፣ «ታኑር» የሚለው ቃል የዳቦ መጋገሪያውንም የቤት ማሞቂያውንም ይጠራል። ሱቅ ስትገቡ «ታኑር ሊኺሙም» ካላችሁ የማሞቂያው እንደሆነ ይገባቸዋል።

ሙቀት እንዴት ይደርሰናል?

ማሞቂያ ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። አንዱ አየሩን ያሞቅና አየሩ እኛን ያሞቀናል። ሌላው እንደ ፀሐይ በጨረር ቀጥታ ሰውነታችን ላይ ያርፋል። ጠዋት ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ፊቱ ይሞቀዋል፤ ጥላ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይበርደዋል። ጨረር ማለት ይህ ነው።

ውጭ ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ሜዳ ላይ የሞቀ አየር ነፋስ ይወስደዋል። አየር የሚያሞቅ ዕቃ ይዞ ውጭ መቀመጥ ነስ ጺዮናን በሙሉ ለማሞቅ እንደመሞከር ነው፤ ገንዘቡ ይሄዳል፣ እጁም አይሞቅም። ስለዚህ ለውጭ የሚሆነው በጨረር የሚያሞቀው ነው።

ዓይነቶቹን አንድ በአንድ እንይ

1. የዘይት ራዲያቶር። ለመኝታ ቤት ደህና ዕቃ ነው፤ እሳት የለው፣ ጢስ የለው። ግን ቀስ ብሎ ይግላል፣ የሚያሞቀውም በአብዛኛው አየሩን ነው። ለውጭ ጥቅም የለውም።

2. «መፋዜር ኾም»፣ ማለትም በማራገቢያ ሙቅ አየር የሚነፋው። ትንሽና ርካሽ ነው። ውጭ ግን ነፋሱ ያሸንፈዋል። ከዚህም በላይ የብረት ብናኝና አቧራ ስቦ የጋለው ሽቦ ላይ ያመጣል። ለመኪና ሥራ አንመክረውም።

3. በጨረር የሚያሞቅ ኤሌክትሪክ፣ «ታኑር ኢንፍራ» የሚባለው። ቀይ ሆኖ የሚበራ ቱቦ አለው። በተቃጠለ ነዳጅ ስለማይሠራ መርዝ አያወጣም፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይሞቃል፤ ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ይዞራል። በማዕከሉ አጠገብ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ያለበት ይህ ነው። አንድ ነገር ግን እንወቅ፤ ለቤት የተሠራው ለውጭ አይሆንም። በዕቃው ላይ «አይ ፒ» ከሚሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች ቀጥሎ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያው ስለ አቧራ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ውሃ። ሁለተኛው ቁጥር 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ ይችላል ማለት ነው። ይህም ቢሆን ዝናብ ላይ ይቀመጥ ማለት አይደለም፤ ከጣራ ሥር ይሁን።

4. የጋዝ ማሞቂያ ከነባሎኑ። በጨረር ያሞቃል፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ትልቁ ዓይነት ወደ 4 ኪሎዋት ይሰጣል፤ 12 ኪሎ ጋዝ ያለው ባሎን በሙሉ ኃይሉ ቢነድ 36 ሰዓት ያህል ይቆያል። መልካም ጎኑ ይህ ነው። መጥፎ ጎኑ ደግሞ እሳት መሆኑ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስስ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ጉድጓድና ዝቅ ያለ ቦታ ውስጥ ይጠራቀማል። መኪና የሚጠግን ሰው ደግሞ የሚተኛው መሬት ላይ ነው። ባሎኑን የጋዝ ኩባንያው ባለሙያ ይግጠመው። መፍሰሱ የሚታወቀው በሳሙና አረፋ ነው፤ አረፋው ከነፋ ያፈስሳል። በክብሪት አይፈተንም።

5. የላምባ ማሞቂያ፣ «ታኑር ኔፍት»። ድሮ በብዙ የእስራኤል ቤት ነበር፤ ያረጀው ዛሬም በርካሽ ይገኛል። ክሩ ካልተስተካከለ ያጨሳል፤ ሲሞላ መጥፋትና መቀዝቀዝ አለበት። ቢወድቅ ነዳጁ ይፈስሳል። ሰው በሚመላለስበት፣ ልጆች በሚሮጡበት ማቆሚያ ላይ ቦታ የለውም።

6. በማራገቢያ ነበልባል የሚነፋው ትልቁ የሙሳኽ ማሞቂያ። ይህ ለሰፊና አየር ለሚገባው አዳራሽ የተሠራ ነው። በመኖሪያ ቤቶች መካከል አይታሰብም።

7. የከሰል ማንደጃ። ስለዚህ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል።

ከሰሉ ጢስ የለውም፤ ሞት ግን አለው

ለቡና ከሰል ማንደድ ልማዳችን ነው። በሣር ቤት ውስጥ አየር በብዙ ቀዳዳ ይገባል፤ በሩም ክፍት ነው። የዚህ አገር ቤት ግን በሲሚንቶና በመስታወት የተዘጋ ነው። በአዳዲስ ሕንፃዎች ያለው «ማማድ»፣ የመጠለያው ክፍል፣ ሆን ተብሎ አየር እንዳያስገባ ነው የተሠራው። የምድር ቤት ማቆሚያና የዕቃ ማስቀመጫውም እንዲሁ ነው።

ከሰል፣ ጋዝ፣ ላምባ፣ የመኪና ሞተርም ቢሆን ሲነዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣሉ። በዕብራይስጥ «ፓኽማን ኻድ ኻምጻኒ» ይሉታል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ወደ ደም ሲገባ ኦክሲጅን ተሸክሞ የሚዞረውን የደም ክፍል ይይዛል፤ የመያዝ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ አየር ያጥረዋል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ይመጣል። ብዙ ሰው «ደክሞኝ ነው» ብሎ ይተኛል፤ አይነሳም።

ደንቡ እንግዲህ እንዲህ ነው። የሚነድ ነገር ሁሉ በማማድ፣ በመኝታ ቤት፣ በተዘጋ ማቆሚያ፣ በመኪና ውስጥም አይገባም። ዝናብ መጣ ተብሎ በላስቲክ ድንኳን ተከልሎ ከውስጡ ማንደጃ ማስቀመጥም ያው ነው። ሥራ ሲያበቃም ገና ያልጠፋ ከሰል «ቤቱን ትንሽ ያሙቅልን» ተብሎ ወደ ውስጥ አይወሰድ።

ቤንዚን ካለ ማሞቂያ የለም

ቤንዚን እስከ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል እንፋሎት ያወጣል። ስለዚህ «በብርድ ጊዜ አይነሳም» ማለት ልክ አይደለም። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ እንደ ውሃ ይሄዳል፤ ሜትሮች ርቆ የተቀመጠ እሳት ጋ ደርሶ ይቀጣጠልና ነበልባሉ ወደ መኪናው ይመለሳል። ቀልቶ የሚበራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ሊያቀጣጥለው ይችላል።

ስለዚህ በሚከተሉት ሥራዎች ላይ ማንኛውም ማሞቂያ ይጠፋል፣ ከቦታውም ይነሳል፦
የነዳጅ ማጣሪያ፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ ካርቡራተር ወይም የነዳጅ ቱቦ ሲነካ፤
ቀለም ሲቀባ ወይም ማንኛውም የሚረጭ ቆርቆሮ ሲሠራበት፤
ባትሪ ሲሞላ። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ በአየር ውስጥ 4 ከመቶ ከደረሰ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል።

የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይም ለብቻው ይነገር። አንዳንዱ ክሎሪን ያለበት ነው፤ ትነቱ የጋለ ነገር ላይ ሲደርስ ወደ መርዘኛ ጋዝ ይለወጣል። ስለዚህ እሱም ከማሞቂያ አጠገብ አይረጭ።

ማሞቂያ ሊኖርባቸው የሚችሉት ሥራዎች አምፖል መቀየር፣ የበር እጀታ፣ ወንበር፣ የመስኮት ማንሻ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ጎማ መፍታትና እነዚህን የመሳሰሉ ናቸው። በእነዚህም ጊዜ ማሞቂያው ከማንኛውም ነገር ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፤ ወደ ሰው ይዙር እንጂ ወደ ጎማ ወይም ወደ ሞተሩ ሥር አይዙር፤ ከመኪና ሥር ደግሞ በፍጹም አይግባ።

በብርድ አገር የናፍጣ መኪና አልነሳ ሲል ከሞተሩ ሥር እሳት የሚያነዱ ሾፌሮች አሉ። በነስ ጺዮና ብርድ ይህን የሚጠይቅ መኪና የለም። ጠዋት አልነሳ ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የባትሪው ነው። የበጋው ሙቀት ባትሪውን ከውስጥ ይጎዳዋል፤ ብርዱ ሲመጣ ድካሙ ይገለጣል። እሳት ከማንደድ ባትሪውን ማስፈተሽ ይቀላል።

ኤሌክትሪኩ ይችላል ወይ?

የእስራኤል ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ነው። 2,000 ዋት ያለው ማሞቂያ 8.7 አምፔር ያህል ይወስዳል። የተለመደው ሶኬት የሚችለው 16 አምፔር ነው። በዚያው መስመር ላይ 2,000 ዋት የሚወስድ «ኩምኩም» ለሻይ ቢሰካ ድምሩ 17.4 ይሆናል፤ መብራቱ ሊጠፋ ይችላል። መጥፋቱ ደህንነት ነው፤ ሽቦው ሲግል ማን ያየዋል?

የማራዘሚያ ሽቦው («ካቤል ማአሪኽ») ባለ ሦስት ሽቦ፣ ለውጭ የተሠራ፣ ውፍረቱም ቢያንስ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ይሁን። በጥቅል ላይ የሚሸጠው ሲሠራ በሙሉ ይተርተር። እንደተጠቀለለ ማሞቂያ ከተሰካበት ከውስጥ ይግላል፣ ላስቲኩም ይቀልጣል። መገናኛው በኩሬ ውስጥ አይደር። በተከፈተ መስኮት በኩል ሽቦ ስናወጣም መስኮቱ እንዳይቆርጠው እንጠንቀቅ።

በመብራት ሰሌዳው ላይ «ማምሳር ፓኻት» የሚባል ማጥፊያ አለ። ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲሾልክ በቅጽበት ይቆርጣል፤ በቤት ያለው አብዛኛውን ጊዜ 30 ሚሊአምፔር ሲሾልክ ነው የሚሠራው። የሙከራ ቁልፍ አለው፤ ሲጫኑት መውደቅ አለበት። ካልወደቀ ለኃላፊው ይነገር እንጂ ውጭ ማሞቂያ አይሰካ። ማሞቂያው ሲሰካ ደጋግሞ ከወደቀም መልእክት እየሰጠን ነው፤ ዕቃው ተበላሽቷል። አስሮ ማቆየት ሕይወትን መሸጥ ነው።

ለሰንበት ማሞቂያ በ«ሻዖን ሻባት» የሚያስነሱም አሉ። ሰዓቱ 16 አምፔር የሚችል መሆኑ በላዩ ተጽፎ ካልሆነ ማሞቂያ አይሸከምም፤ ለመብራት ብቻ ይዋል።

ወጪውን ለማወቅ ቀላል ሒሳብ አለ። 2,000 ዋት ማለት 2 ኪሎዋት ነው፤ በአንድ ሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በኤሌክትሪክ ሒሳባችሁ ላይ የአንዱ ዋጋ 60 አጎራ ነው እንበል፤ ሦስት ሰዓት ሥራ 6 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 3 ሼቄል ከ60 አጎራ ይሆናል። ማቆሚያውና ኤሌክትሪኩ የማዕከሉ ከሆነ ግን አስቀድሞ ኃላፊውን ወይም ኤም ባይቷን መጠየቅ ነው።

ከማሞቂያ በፊት

ብዙ ጊዜ ማሞቂያውን የሚያስቀር ነገር አለ። የሚቻል ከሆነ ሥራው ዓርብ ጠዋት፣ በፀሐይ፣ ከረፋድ እስከ ቀትር ይሁን። መሬት ላይ ስትተኙ ወፍራም ካርቶን ወይም አሮጌ ፍራሽ አንጥፉ፤ ሲሚንቶ ከአየሩ ይልቅ ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል። ከአንድ ወፍራም ካፖርት ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ይሻላል፤ እጅጌው የተንዘረፈፈ ልብስና ነጠላ ግን ለሞተር አይሆንም። ቁልፎቹን ቤት አሳድሯቸው፤ ቀዝቃዛ ብረት ነው ጣት የሚያደነዝዘው። መኪናዋን በክሪክ ብቻ አንስታችሁ ከሥሯ አትግቡ። የፍሬንና የመሪ ሥራ ደግሞ ፈቃድ ላለው ሙሳኽ ይተው፤ እዚያ የሚቆጠበው ገንዘብ የሌላ ሰው ሕይወት ነው።

ሱቅ ስትገቡ የምትሏቸው ቃላት

ካማ ዋት ዜ? — ስንት ዋት ነው?
ዬሽ ታቭ ቴከን? — የደረጃዎች ምልክት አለው?
ዜ ማትኢም ላኹጽ? — ለውጭ ይሆናል?
ሁ ንኽበ ኢም ሁ ኖፌል? — ሲወድቅ ራሱ ይጠፋል?
ዬሽ አኽራዩት? — ዋስትና አለው?
ኤፍሻር ካባላ? — ደረሰኝ ይሰጠኛል?

ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ የግድ ናቸው፤ ታቭ ቴከንና ሲወድቅ ራሱ የሚጠፋ መሆኑ። «የለውም፣ ግን ርካሽ ነው» ካሏችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

አደጋ ቢደርስ

ራሱን የሳተ ወይም ራሱን ያመመው ሰው ማሞቂያ አጠገብ ከተገኘ በሩንና መስኮቱን ክፈቱ፣ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፣ ከዚያ 101 ደውሉ፤ ማጌን ዳቪድ አዶም ነው። እሳት ከሆነ 102። የኤሌክትሪክ ሽቦ ወድቆ ከሆነ 103። የቤንዚንና የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውሃ አይደፋም፤ ለዚህ የዱቄት ማጥፊያ ነው የሚሆነው። ዕብራይስጡ ቢያስቸግር «ኤሽ» (እሳት) እና «ጋዝ» የሚሉትን ሁለት ቃላትና አድራሻችሁን መናገር በቂ ነው፤ አድራሻችሁን ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ አስጠኗቸው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ ነው የሚጠፋው ለማለት ነው። ክረምቱን ሁላችንንም በሰላም ያሳልፈን። በሚቀጥለው እትም እንገናኛለን፤ ሻሎም።